ሰውን ማየትና ከሰው መማር፦ የቤተሰብ ጉብኝት በጂንካና በደቡብ ኦሞ

በቱሪዝም ጥናት «መስህብ» የሚባለው ጎብኚን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሌላ አካባቢ የሚያመጣው ነገር ሁሉ ነው። የተፈጥሮ ሀብት፣ የታሪክ ቅርስ፣ ሰው ሠራሽ መዝናኛ ወይም የአንድ ማኅበረሰብ አኗኗር ሊሆን ይችላል። በደቡብ ኦሞ ጎልቶ የሚታየው የመጨረሻው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መስህቡ ሰው ራሱ በሚሆንበት ሥፍራ፣ በተለይም ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች፣ ጉብኝት እንዴት ቢደራጅ ለእንግዳውም ለባለአገሩም እንደሚበጅ ማብራራት ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ የቤተሰብ ሽርሽር ቀደም ብሎ ልማድ የሆነባቸውን የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች መመልከት ይጠቅማል። ለንደንን ከብራይተን ያገናኘው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1841 ተከፈተ፤ በ1871 የወጣ ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸውን የበዓል ቀናት ደነገገ፤ የብላክፑል ግንብም በ1894 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ባቡሩ መንገድን፣ ሕጉ ጊዜን፣ ግንቡ ደግሞ የሚታይ ነገርን አቀረቡ። በዚህ ሥርዓት ጎብኚው የሚከፍለው ለግንቡ፣ ለመዝናኛውና ለማረፊያው ነው፤ ነዋሪው አስተናጋጅ እንጂ ትርዒት አይደለም።

በደቡብ ኦሞ ግንኙነቱ የተለየ መልክ ይዟል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት በሕዝቦቹ ጌጥና አለባበስ ሳይሆን የሰውን ዘር አመጣጥ በሚያስረዱ ቅሪተ አካላትና የድንጋይ መሣሪያዎች ምክንያት ነው። ሪቻርድ ሊኪ የመሩት ቡድን በ1967 ኪቢሽ አካባቢ ያገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት በ2005 የ195 ሺህ ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር፤ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ አመለከተ። ሆኖም አብዛኛው ጎብኚ ወደ አካባቢው የሚመጣው ይህን ታሪክ ሊማር ሳይሆን የሙርሲን ሴቶች የከንፈር ገል ፎቶግራፍ ሊያነሣ ነው።

ሙርሲዎችን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የሥነ ሰብ ምሁር ዴቪድ ተርተን በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ግንኙነት መርምረዋል። ክፍያው ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ስለሚፈጸም፣ ተነሺው የካሜራውን ዓይን ለመሳብ ከጎረቤቱ ጋር ይፎካከራል። በዕለት ተዕለት ኑሮ የማይደረጉ ጌጦች ለጎብኚ ሲባል ይደረደራሉ። ቆይታው አጭር፣ ንግግሩም ስለ ዋጋ ብቻ ስለሚሆን ሁለቱም ወገኖች ቅር ተሰኝተው ይለያያሉ። አብሮ የሚመጣ ሕፃንም ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት፣ ሰው ተከፍሎበት የሚታይ ነገር መሆኑን ነው።

ይህን ለመለወጥ አዲስ ግንባታ የግድ አያስፈልግም፤ ያለውን በቅደም ተከተል ማቀናጀት ብዙ ያግዛል። የመጀመሪያው መነሻ ከጂንካ ከተማ በላይ በኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ነው። ሐመሮችን በማጥናት የሚታወቁት ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከር በምሥረታው ዋና ድርሻ ነበራቸው። ልጆች በርጩማው፣ ቅሉና በጨሌ ያጌጠው የቆዳ ልብስ ለምን እንደሚያገለግሉ በቅድሚያ ከተረዱ፣ በኋላ ባለቤቶቹን ሲያገኙ የሚጠይቁት ቁም ነገር ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው የገበያ ቀን ነው። የጂንካና የዲመካ ገበያ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ፣ የቀይ አፈር ሐሙስ ይውላል። በቀይ አፈር በናው፣ ፀማዩና አሪው ይገናኛሉ። ገበያ የሚቆመው ለጎብኚ ሲባል አይደለም፤ እንግዳው ማርና የቡና ገለባ በሚሸመትበት ሥፍራ እንደ ማንኛውም ሰው ሸማች ይሆናል። ገንዘቡም የሚከፈለው ለመልክ ሳይሆን ለሥራ ውጤት ነው። ሦስተኛው የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ጎሽና አጋዘን ከሙርሲ አገር ጋር በአንድ መልክዓ ምድር የሚታዩበት ነው። ቆላ በመሆኑ ሕፃናትን ከወባና ከቆላ ዝንብ መጠበቅ የጉዞው ዝግጅት አካል ሊሆን ይገባል።

ሥርዓተ ክዋኔዎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የሐመር የከብት ዝላይ ወጣቱን ወደ አዋቂነት የሚያሸጋግር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በዕለቱ የወጣቱ ዘመድ የሆኑ ሴቶች በአርጩሜ ይገረፋሉ፤ ይህም ለወንድማቸው ያላቸውን ታማኝነት የሚገልጹበት ነው። ድርጊቱ ሳይብራራለት የሚመለከት ልጅ የሚያስቀረው ጭካኔን ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ከአስጎብኚው ጋር መመካከርና መቼ መራቅ እንደሚገባ መወሰን አለባቸው።

የአገር ውስጥ ቤተሰብ በዚህ ረገድ አንድ ብልጫ አለው። በገበያና በትምህርት ቤት አካባቢ ከሚያገኛቸው ብዙ ወጣቶች ጋር ያለ አስተርጓሚ በአማርኛ ሊነጋገር ይችላል። ነገር ግን የዜግነት ቅርበት ብቻውን የአመለካከት ቅርበትን አያስገኝም። አርብቶ አደሩን «ኋላ ቀር» ብሎ የሚፈርጀው አሮጌ አነጋገር ከካሜራው ባልተናነሰ ያርቃል፤ ልጅም ከወላጁ አንደበት በፍጥነት ይወርሰዋል።

በመሆኑም ለድኅረ ምረቃ ጥናት ሁለት አቅጣጫዎች ክፍት ናቸው። አንደኛው ከፎቶግራፍ ክፍያ ይልቅ ለማኅበረሰቡ በጋራ የሚገባ የመግቢያ ክፍያ ገቢውን እንዴት እንደሚያከፋፍልና ማን እንደሚጠቀም መመርመር ነው። ሁለተኛው ሙዚየሙን አስቀድመው ያዩና ያላዩ ልጆች ከጉዞ በኋላ ስለ ሕዝቦቹ የሚናገሩትን ማነጻጸር ነው። የጉብኝት ስኬት በመጡ ሰዎች ቁጥር ብቻ ሲለካ የተጎበኘው ሰው ድምፅ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል፤ ሙርሲዋ እናት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለልጇ ስለ እነርሱ የምትነግራትም መረጃ ነው።