ያገለገለ የቅንጦት መኪና ዋጋ ግምት

ያገለገለ የቅንጦት መኪና ዋጋ ግምት ማለት ሻጭ የጠየቀው ገንዘብ ከመኪናው ይዞታ፣ ከሰነዶቹና ወደፊት ከሚያስወጣው ወጪ ጋር ሲመዛዘን ተገቢ መሆን አለመሆኑን የመለየት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ክፍል ከሚመደቡት መካከል ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሌክሰስ፣ መርሴዲስ ቤንዝ፣ ቢ ኤም ደብሊው እና ሬንጅ ሮቨር ይገኛሉ።

የአንድ መኪና ተገቢ ዋጋ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በተጠየቀበት ዋጋ አዋጭ የሆነ መኪና ሮቤ፣ ጎባ ወይም ብድሬ ላይ ለሚነዳው ሰው ውድ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የቦታው ከፍታ፣ የመንገዱ ቁልቁለትና የመለዋወጫ ርቀት የመኪናውን የማቆያ ወጪ ይለውጣሉ።

== መነሻ ሐሳብ ==

የግምቱ ዋና ችግር ሻጩ ስለ መኪናው የሚያውቀውን ያህል ገዢው አለማወቁ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ የያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አሳይቷል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ መጥፎዎቹም እየበዙ ይሄዳሉ። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማት ተጋርቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ገዢው ለምርመራ የሚያወጣው ገንዘብ የዋጋው አካል መሆኑን ነው። መኪናውን በገለልተኛ መካኒክ ለማስመርመር የማይፈቅድ ሻጭ ሲያጋጥም እምቢታው ራሱ እንደ መረጃ ይቆጠራል።

== የኢትዮጵያ ገበያ ልዩ ባሕርይ ==

በበለጸጉ አገሮች ብዙ የቅንጦት መኪኖች በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የአዲስነት ዋጋቸውን ግማሽ ገደማ ያጣሉ። በኢትዮጵያ ግን ያገለገለ መኪና በብር ሲሰላ ዋጋው ሲጨምር መታየቱ የተለመደ ነው። ለዚህ ሦስት ዋና ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፍሉትን ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር አያይዟል። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ የተጣለው ታክስ ከ400 በመቶ በላይ ነበር። ሁለተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው በአብዛኛው የሚሽከረከረው ቀድመው በገቡት ላይ ሆኗል። ሦስተኛው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉና የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ በእጅጉ መቀነሱ ነው።

በመሆኑም «መኪና አይከስርም» የሚለው አባባል በጥንቃቄ መታየት አለበት። የብር ዋጋው ያደገ መኪና የመግዛት አቅሙ ሲሰላ ላያድግ ይችላል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ አርጅቷል።

== የሞዴልና የሞተር ልዩነት ==

ግምት የሚጀምረው የሚሸጠው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ከመለየት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የተመረተው ላንድ ክሩዘር 200 በአገራችን በጅምላ «ቪ8» ይባላል። ይሁንና ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከተላኩት መካከል ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር የተገጠመላቸውም አሉ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር 4.5 ሊትር ሲሆን ሁለት ቱርቦ አለው። ፕራዶም እንዲሁ 2.7 ሊትርና 4.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላቸው ዓይነቶች አሉት። በመልክ አንድ ቢመስሉም በጉልበት፣ በነዳጅ ፍጆታና በመለዋወጫ ዋጋ ስለሚለያዩ እርስ በርስ ማነጻጸር ወደ ስህተት ይመራል።

== ሰነዶች ==

ሰነዱ ያልተሟላ መኪና ሞተሩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የተጠየቀበትን ዋጋ አያወጣም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ መመዝገብና በየዓመቱ መመርመር አለበት። ገዢ የሚያጣራቸው ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

* ሊብሬ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካለ ግዢው መቆም ይኖርበታል።
* ዕዳና እገዳ፦ መኪናው ለባንክ ብድር መያዣ ሆኖ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ፋይሉ ከሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው እንጂ ከሻጩ ቃል አይደለም።
* የቀረጥ ሁኔታ፦ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ ይጠየቃል። የቅንጦት መኪና ከገበያው ዋጋ በጣም ረክሶ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።
* ቦሎና መድን፦ የዓመቱ ምርመራ መደረጉና የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩ ይታያል።
* የሻጩ ሥልጣን፦ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ አለመሻሩም ይጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና መኪናው የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል።

== የአካል ምርመራ ==

ምርመራ በቀን ብርሃን፣ መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢደረግ ይመረጣል። ሞቆ የጠበቀ ሞተር ጠዋት የማስነሳት ችግሩን ሊደብቅ ይችላል።

ቀለም፦ የፋብሪካ ቀለም ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው። በመለኪያ መሣሪያ አንዱ በር ወይም ኮፈኑ ከሌላው እጅግ ወፍሮ ከተገኘ ቦታው ተስተካክሎ ዳግም ተቀብቷል ማለት ነው። የተጫረ በር መቀባቱ ብዙ አያሳስብም፤ የሻንሲ መጣመም ግን የመኪናውን ዋጋ በእጅጉ ያወርዳል።

ጎማ፦ በጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ካረጀ ይሰነጠቃል። በአንድ ጎኑ ብቻ የተበላ ጎማ ደግሞ የመሪ ወይም የእግር ክፍል ችግርን ይጠቁማል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ፦ ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስ ስለሚቻል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመሪው መላላጥ፣ የሹፌሩ መቀመጫ መጎድጎድ፣ የፍሬን ፔዳል ጎማ መበላትና የጋራዥ ደረሰኞች አብረው ይታያሉ። በበርካታ ዘመናዊ መኪኖች የተጓዘው ኪሎ ሜትር ከአንድ በላይ በሆኑ የኮምፒውተር ክፍሎች ስለሚመዘገብ ስካነር ልዩነቱን ሊያወጣው ይችላል።

የኮምፒውተር ምርመራ፦ ስካነሩ ምንም ስህተት አለማሳየቱ መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ መዝገቡ በዚያው ጠዋት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ራስን የመፈተሻ ሂደቶች «አልተጠናቀቁም» የሚል ምልክት ካለ ከጉዞ በኋላ ምርመራው ይደገማል።

== የከፍታ ተጽዕኖ በባሌ ደጋ ==

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ በሐረና ጫካ በኩል ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ይህ ከፍታ ምርመራውን በሦስት መንገድ ይነካዋል።

አንደኛ፣ ጉልበት። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሳነቴ ላይ እንደ 100 ገደማ ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ነገር ግን ቱርቦው ራሱ ካረጀ ድክመቱ የሚታየው እዚሁ ዳገት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙቀት። ውሃ ሮቤ ላይ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሳነቴ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳን የሚይዘው ግፊትና የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ነው። በቆላ የማያስቸግር የላላ ክዳን በደጋ ሞተር ሊያፈላ፣ ቴስታታም ሊያጣምም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመለኪያ ንባብ። የሲሊንደር እመቃ ልኬት ሮቤ ላይ ሲወሰድ በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር በአምራቹ መጽሐፍ ካለው ቁጥር ዝቅ ስላለ ብቻ «ደክሟል» ሊባል አይገባም። ዋናው ቁም ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጉልህ በሆነ መጠን ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው።

== የሙከራ ጉዞ ==

በከተማ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መዞር አይበቃም። በዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው፣ የማርሽ አቀያየሩና የጭሱ ቀለም ይታያል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም የነዳጅ አረጫጨት ችግርን፣ ብዙ ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅና የአየር አለመመጣጠንን ያመለክታል።

በቁልቁለት የሚፈተነው ፍሬን ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ከሳነቴ ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬኑን ሳያቋርጥ ከያዘ ሸራው ይግላል፤ ያረጀና እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይትም ፈልቶ ፔዳሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግድ ነው። የፍሬን ዘይት፣ ሸራና ዲስክ ሳይታዩ በዚህ መንገድ ላይ ሙከራ ማድረግ አይገባም። በቁልቁለት መሪው ከተንቀጠቀጠ የዲስክ መጣመም ይጠረጠራል።

== የማቆያ ወጪ ==

የቅንጦት መኪና ሲያረጅ የመሸጫ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን የአዲሱ መኪና ሆኖ ይቆያል። በአየር የሚነሳና የሚወርድ ሞላ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮና ኢንጀክተር ከፍተኛ ወጪ ከሚያስከትሉት መካከል ናቸው። ሰልፈሩ አነስተኛ ለሆነ ናፍጣ የተሠሩ የአውሮፓ ሞተሮች ደግሞ በሌላ ጥራት ነዳጅ ሲሠሩ የጭስ ማጣሪያቸው ቶሎ ይደፈናል።

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአካባቢው ገበያ የማይገኝ ዕቃ በተፈለገ ቁጥር የማስመጫ፣ የጥበቃና ምናልባትም የመኪና መጫኛ ወጪ ይጨመራል። ስለዚህ የባሌ ገዢ ከመግዛቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህን መኪና እዚህ ማን ያውቀዋል?» የሚል ነው። ጠጋኝ ያለው ተራ መኪና ጠጋኝ ከሌለው ድንቅ መኪና የተሻለ ሊያገለግል ይችላል።

== ስሌቱ ==

በመጀመሪያ በሞዴል፣ በዓመተ ምርት፣ በሞተርና በቀረጥ ሁኔታ ተመሳሳይ የሆኑ ቢያንስ ሦስት መኪኖች ዋጋ ይሰበሰባል። የሚፈለገው ደላላ የጠራው ሳይሆን በተጨባጭ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከዚያም መኪናው ከእነዚያ የሚያንስባቸው ነገሮች ብቻ ይቀነሳሉ። ማንኛውም ገዢ የሚከፍለው መደበኛ የስም ማዛወሪያ ወጪ አይቀነስም።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ነው፦

* የተጠየቀው ዋጋ፦ 8,000,000 ብር
* ተመሳሳዮቹ የተሸጡበት አማካይ፦ 7,400,000 ብር
* የጎማ፣ የፍሬንና የኢንጀክተር ጥገና፦ 420,000 ብር
* ላልታየ ብልሽት መጠባበቂያ፦ 370,000 ብር
* ተገቢ ዋጋ በአዲስ አበባ፦ 6,610,000 ብር
* ለሮቤ ተጨማሪ የማቆያ ወጪ፦ 200,000 ብር
* ተገቢ ዋጋ ለሮቤ ገዢ፦ 6,410,000 ብር

መጠባበቂያው የሚወሰነው በምርመራው ጥልቀት ነው። የጥገና ታሪኩ በደረሰኝ የተደገፈና በሚገባ የተመረመረ መኪና አነስተኛ መጠባበቂያ ይበቃዋል፤ ታሪኩ ያልታወቀ ግን ከፍ ያለ ይጠይቃል። ውጤቱ ገዢው ሊያልፈው የማይገባው ጣሪያ እንጂ የመጀመሪያ ጥሪው አይደለም።

== ቀብድና ውል ==

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ተዋዋዮች በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በመሆኑም «ሌላ ገዢ አለ» ተብሎ በጥድፊያ የሚሰጥ ቀብድ ከምርመራና ከሰነድ ማጣራት በፊት መሆን የለበትም።

ይኸው ሕግ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ ገዢውም የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በምርመራ የተገኙ ጉድለቶች፣ ሻጩ ስለ መኪናው የተናገራቸው ነገሮች፣ ያልተከፈለ ቀረጥ ቢኖር ማን እንደሚከፍል፣ እንዲሁም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሲረጋገጥ ነው።