የጋዝ ሲሊንደር በጠባብ ቤት

በአዲስ አበባ፣ በጀሞ፣ በጎፋና በመካኒሳ ኮንዶሚኒየሞች የጋዝ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከምድጃው ሥር ወይም ከጎኑ፣ ወለል ላይ ነው። በሳሪስና በላፍቶ መንገድ ዳር ባሉ ኮንቴይነር ምግብ ቤቶችም ከዚህ የተለየ ቦታ አይገኝለትም። ቤቱ ስለሚጠብ ነው እንጂ ቦታው ተጠንቶ አልተመረጠም።

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች ድብልቅ ነው፤ በግፊት ስለታመቀ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። አንድ ሊትሩ ወደ ጋዝነት ሲመለስ ወደ 250 ሊትር ገደማ ይሰፋል። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋው ነገር ሰው እንዲነቃ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ያፈተለከ ጋዝ ወደ መስኮት አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ከክፍሉ አየር 2 በመቶ ያህል ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ደግሞ ወለል ላይ እሳት አይጠፋም። ቡናው የሚፈላበት የከሰል ምድጃ፣ ዕጣኑም የሚጤስበት ማጨሻ እዚያው ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፤ ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው የማቀዝቀዣው ሞተር ይነሳል፣ ሲነሳም ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል። ቡና የሚፈላበትን ቦታ ከሲሊንደሩ ማራቅ፣ ከተቻለም ሌላ ክፍል ማድረግ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ጥንቃቄ ነው።

በአውሮፓ በመኪና እየተጎተቱ ለሽርሽር የሚያገለግሉት ካራቫኖችም ጠባብ ናቸው፤ ሰው ያበስልባቸዋል፣ ያድርባቸዋልም። የእነሱ ሲሊንደር የሚገባው ከመኖሪያው በተለየ ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሳጥኑ ታችኛው በኩል ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ አለው። ጋዝ ቢያፈተልክ ወደ ሰዉ ሳይሆን ወደ ሜዳ ይፈስሳል። ለኮንቴይነር ምግብ ቤት ይህ ዘዴ ልክ የተሠራለት ያህል ይስማማል፦ ሲሊንደሩን ከውጭ በተቆለፈ የፍርግርግ ሳጥን ማስቀመጥ፣ የኮንቴይነሩንም ግድግዳ ከወለሉ አጠገብ መብሳት። ከላይ ብቻ የተከፈተ መስኮት ጭሱን ያወጣል እንጂ ጋዙን አያወጣም። በኮንዶሚኒየም ፀሐይ የማያገኘው በረንዳ ይሻላል፤ ግን ከውሃ መውረጃው ቀዳዳ መራቅ አለበት፣ ጋዙ በቱቦው ወርዶ ታችኛው ቤት ሊገባ ይችላልና።

ብዙ ሰው የሚፈራው የሲሊንደሩን ብረት ነው። ጋዝ ይበልጥ የሚያፈተልከው ግን ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ምድጃው ባሉት መጋጠሚያዎች ነው፦ ከሬጉሌተሩ፣ ከጓርኒሲዮኑ፣ ከጎማውና ከጎማው ማጥበቂያ። ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ የውሃ ጎማ በጋዙ ይበላሻል። ዓመቱ በላዩ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ አምስት ዓመት ከሞላው፣ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ፣ ይቀየራል። ከምድጃው ጀርባ ሙቀት እያገኘው ማለፍም የለበትም። ሬጉሌተሩ ለሲሊንደሩ አፍ የተሠራ ካልሆነ በጨርቅም ሆነ በፕላስተር ጠቅልሎ ማስገጠም ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። በጥርስ የሚታሰሩ አንዳንድ ሬጉሌተሮች ከተለመደው በተቃራኒ፣ ወደ ግራ ሲዞሩ የሚጠብቁ መሆናቸውንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት አዙሮ ጥርሱን ያበላሻል።

ሲሊንደር ሲቀየር በቤቱ ውስጥ ከሰልም ሻማም መጥፋት አለበት። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ምድጃው ተዘግቶ ሲሊንደሩ ይከፈታል፤ በውሃ የተበጠበጠ ሳሙናም በስፖንጅ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይቀባል። አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን እሳቱን ራስ መለኮስ ነው። ሲሊንደሩ ሲጓጓዝም ሆነ ሲሠራበት መቆም አለበት። በባጃጅ ወይም በታክሲ ኮፈን አጋድሞ መውሰድ ፈሳሹን ወደ አፉ ያመጣዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቡቴኑ ቀስ ብሎ ስለሚተን እሳቱ ሊዳከም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩን ማጋደም ወይም እሳት አጠገብ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። ጋዙ ማለቁን ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን ይበቃል፤ የባዶው ክብደት በሲሊንደሩ ላይ ተጽፏል።

ነበልባሉም የሚለው አለው። ሰማያዊና የረጋ ከሆነ ጋዙ በደንብ እየነደደ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ አየር አንሶታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ምድጃ እዚህ አየር ቢያጥረው አያስገርምም። ችግሩ የድስቱ መጥቆር ብቻ አይደለም። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ መርዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ያሳምማል፣ ያደክማል፣ ይገድላልም። የምድጃውን ቀዳዳዎች በመርፌና በብሩሽ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ነበልባሉን ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ባለሙያ ይየው። ቤት ለማሞቅ ብሎ ምድጃ አብርቶ መተኛት በማንኛውም ቤት ክልክል ሊሆን ይገባዋል።

ሽታ ሲመጣ ሲሊንደሩ ይዘጋል፤ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ከሰልም ሻማም ካለ ወዲያው ይጠፋል። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፣ ለማጥፋትም ቢሆን። ሰው ሁሉ ወጥቶ ስልክ የሚደወለው ከውጭ ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይገኛል። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ የተያያዘ እሳት ሲኖር ማዞሪያው የሚደረስበት ከሆነ እጅን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መዝጋት ይቻላል። የማይደረስበት ከሆነ ግን ጋዙን ሳይዘጉ እሳቱን ብቻ ማጥፋት አይገባም፤ እየወጣ የሚቀጥለው ጋዝ ተጠራቅሞ የባሰ ፍንዳታ ያመጣል። ያን ጊዜ ጎረቤትን አስወጥቶ መራቅ ያስፈልጋል። ወደ ቤት የሚገባው ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያፈተለከበት መጋጠሚያ ተገኝቶ ሳይቀየር ሲሊንደሩ አይከፈትም።