ወፍ ማየት ከደጃፍ ይጀመራል

አዲስ አበባ ውስጥ ሰፋ ያለ ሣር ካለው ግቢ አጠገብ የሚኖር ሰው የጋጋኖን ድምፅ ሳይሰማ አይውልም። ማለዳና አመሻሽ ላይ ተከታትለው ሲበሩ ጩኸታቸው ሰፈሩን ያዳርሳል። ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አትኖርም። ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ እንግዶች እሷን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ብዙ ጊዜ ያረፉበት ሆቴል ግቢ ይበቃቸዋል። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች እንዳሏት ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው ባሌን ወይም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ነው። እዚህ የማስተዋውቀው ግን ከቤት ሳይርቁ፣ ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ የሚጀመረውን ወፍ ማየት ነው።

ሣር ላይ የተሰማራች ጋጋኖ ካለች ቆም ብለው ይመልከቷት። ወደ ታች የጎበጠውን ረጅም መንቆሯን ዝናብ ያራሰው መሬት ውስጥ ሰክታ ትፈትሻለች፤ ጥቂት ትራመድና ደግማ ትሰካለች። እጭ ወይም ትል ስታገኝ አንገቷን ቀና አድርጋ ትውጣለች። ከሩቅ ጥቁር ትመስል የነበረችው ወፍ ፀሐይ ስታርፍባት አረንጓዴ ታብለጨልጫለች። ጠጋ ሲሉ ከጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለች ቀጭን ቆዳ ትታያለች፤ ስትነሣ ደግሞ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ቦግ ይላል። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን አይቶ ከተመለሰ በኋላ ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቃቸው ወፎች አንዷ ናት። መንቆሩ በጣም የወፈረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራችንም እንዲሁ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው የወፍ ማጣት አይደለም፤ ያየውን ለይቶ ማወቅ ነው። ለዚህ ከእርግብ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ከሚሰፍሩት መካከል አንዷ ዝርያ ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ አላት፤ እሷም እንደ ጋጋኖ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ናት። ሌላዋ ክንፏ ቀላ ብሎ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ዓይኗ በቀይ ቆዳ የተከበበ ናት። ከሁለቱ አነስ የምትለው ዋኔ ደግሞ መሬት ላይ ስትለቅም ትገኛለች። እነዚህን ሦስቱን ሳያምታታ የሚለይ ሰው ትልቁን ትምህርት ጨርሷል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚያያትን ማንኛዋንም ወፍ ከእነሱ ጋር ማስተያየት ይችላል። ከዋኔ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች? መንቆሯ እንደ እህል ለቃሚ አጭርና ወፍራም ነው ወይስ ነፍሳት እንደሚያድኑት ቀጭን? ጭራዋን ታወዛውዛለች? ዛፍ ላይ ናት ወይስ መሬት? ቀለም በመጨረሻ ይምጣ። ብርሃን ቀለምን ያታልላል፤ ቅርጽና ጠባይ ግን ብዙም አይዋሹም።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ባይኖኩላር ለመግዛት ያሰበ ሰው መሣሪያው ላይ 8×42 የሚል ጽሑፍ ይፈልግ፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊተኛው መስታወት ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፏን ከዓይን ያጠፋታል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ከተማችን ውስጥ ባይኖኩላር ይዞ የቆመ ሰው ጥርጣሬ ይስባል። ወታደራዊ ካምፕ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወዳለበት አቅጣጫ ፈጽሞ አያነጣጥሩ፤ የጎረቤት መስኮትም እንደዚያው። ጥበቃ ካለ ቀርቦ ሰላምታ ሰጥቶ ምን እንደሚያዩ ማስረዳት ይሻላል። ወፏን ለጥበቃው ማሳየት ቢቻል ደግሞ የበለጠ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ የሚውል ሰው የት ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለ ያውቃል።

ሰዓቱ ማለዳ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወፎች ይዘምራሉ፣ ይመገባሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን ጥላ ይፈልጋሉ። ቦታው ደግሞ አንድ ይሁን። የግቢ ጥግ፣ በረንዳ፣ የኮንዶሚኒየም መስኮት፣ ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ፣ የቱም ይሆናል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ወደዚያው መመለስ ያስፈልጋል። ለምን አንድ ቦታ እንደምል የመስቀል ወፍ ታስረዳልኛለች።

ሳይታይ ከርሞ ብቅ ያለ ወዳጃችንን «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» እንለዋለን። አባባሉ ወፏ በመስከረም መጥታ ወዲያው ወደ ሌላ አገር እንደምትሄድ ያስመስላል። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ ብሎ የሚያሳያቸውን ተከታትሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ለምሳሌ ክረምቱ ሲገባ ረጅም ሣር ውስጥ የሚታየው፣ ጥቁር ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው ወንድ ወፍ አለ። ከገላው የሚረዝም ቀጭን ጥቁር ጭራ፣ ነጭ ሆድና ቀይ መንቆር ያለው ሌላም አለ፤ እሱ አየር ላይ እየዘለለ ሴቷን ያሽኮረምማል። ሁለቱም ይህን ልብስ የሚለብሱት ለመራቢያ ወቅት ነው። ዝናቡ ሣሩን ያሳድጋል፣ ሣሩ ዘር ይይዛል፣ ዘሩ ጫጩት ይመግባል። ወቅቱ ሲያልፍ አብዛኛው የዚያ ላባ ይረግፍና ወንዱ እንደ ሴቷ ቡናማ ሽንትር ያለበት፣ በሩቁ ከድንቢጥ ጋር የሚምታታ ወፍ ይሆናል። በጥር ግቢያችን ውስጥ ከሌሎች እህል ለቃሚዎች ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ ባለ ረጅም ጭራው መንቆሩ ቀይ እንደሆነ ስለሚቆይ እሱን በዚያ መለየት ይቻላል። እንዲያውም የእሱ ሴት ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ትናንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጉዞ ማየት አይቻልም። በየወሩ ያንኑ ሣር የሚያይ ሰው ግን ላባው ሲበቅልም ሲረግፍም ይደርስበታል፤ በመካከሉ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ የሆነ፣ የተጣፈ የሚመስል ወንድ ሲያይ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም።

በእርግጥ የሚመጡና የሚሄዱም አሉ። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ ከከብት እግር ሥር ጭራቸውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዙ ቢጫ ሆድ ወፎች ሜዳውን ይሞሉታል። የታዩበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን መመዝገብ ዋጋ አለው። ምዝገባው በደብተር ብቻ እንዳይቀር ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢ-በርድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ በስልክ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በዚህ ጉዳይ የቆየ ነው።

እንዲህ ያለው መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ ጥንብ አንሳ ታሳያለች። ቄራ አካባቢ የምትሰፍረው ፊቷ ላባ የሌለው ትንሿ ጥንብ አንሳ በብዛቷ ምክንያት ቁብ የሚሰጣት የለም። ሆኖም በአፍሪካ በመርዝና በሌሎች ምክንያቶች ቁጥሯ በፍጥነት ስለወደቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ዝርዝር ገብታለች። ስንት እንደሆኑ ዛሬ የቆጠረ ሰው ከሌለ ነገ መቀነሳቸውን የሚናገር አይኖርም።

ግቢው ካነሰ በኋላ እንጦጦና ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አሉ፤ እዚያ ሶረኔና ግንደ ቆርቁር ይገኛሉ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው የገፈርሳ የውኃ ግድብ ዳርቻ ደግሞ የአገራችን ብቻ የሆነችው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሣሩ ላይ ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታስደግፈዋለች፤ ከሩቅም ቢሆን በዚህ ትታወቃለች።