የሕዝብ ትምህርት ቤት ከተሠራ በኋላ

በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ለማቆም ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ እንጨቱ ከየት ይምጣ፣ ቆርቆሮው በምን ይገዛ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የቀለለው እርሱ ይመስለናል። ሕዝባችን ቤት መሥራት ያውቅበታል፤ ደቦ ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ የጭቃው ግድግዳ በጥቂት ቀናት ይቆማል። ችግሩ የሚመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምስጥ ማገሩን ሲበላው፣ ምርጊቱ ሲረግፍና የዘበኛው ደመወዝ ውዝፍ ሲሆን ነው።

ይህ ነገር በአገራችን የትምህርት ታሪክም ይታያል። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከገጠር መሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል አዘዘ። ጥቅሙ ገንዘቡ በየዓመቱ መግባቱ ነበር፤ ጉድለቱም በመሬት የተመዘነ በመሆኑ ለሁሉ አገር እኩል አለመድረሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ሥርዓት አብሮ ቀረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የትምህርት ቤት ሥራም የሕዝቡን መዋጮ ይጠይቅ ነበር፤ የሚጠየቀው ግን የግንባታውን ድርሻ ነበር።

ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህራኑ ደመወዝ ከወረዳው ባጀት ይከፈላል፤ አብዛኛውንም ባጀት የሚወስደው እርሱ ነው። ለትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው ድጎማ ለጠመኔና ለመሰል ነገር ይውላል። ምርጊቱ፣ አጥሩ፣ የተሰበረው ወንበር፣ ብዙ ጊዜም ዘበኛው በሕዝቡ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ ትምህርት ቤቱን ደቦ ቢሠራውም እንደ እድር ይተዳደር የሚል ነው። ደቦ የአንድ ቀን ጉልበት ነው። እድር ግን መዋጮው ትንሽ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረም ይቀጣል። ገበሬ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ስለማያገኝ መዋጮው ከአውድማ በኋላ በጥር በእህል ቢሰበሰብ ይሻላል። ለምሳሌ 150 አባወራ 10 ኪሎ እህል ቢያዋጡ 15 ኩንታል ይሆናል። ይህ ለዘበኛና ለምርጊት መብቃት አለመብቃቱ በገበያው ዋጋ ይወሰናል፤ ሆኖም የመሠረቱ ድንጋይ ሳይጣል ሊሰላ የሚችል ቁጥር ነው። ስሌቱ ካልበቃ፣ በሦስት ክፍል ፋንታ ሁለት መሥራት ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ለእድር ሁሉም የሚከፍለው ሞት ከማንም ቤት ስለማይቀር ነው፤ ልጅ የሌለው ሰው ግን ለትምህርት ቤት ለምን ይክፈል? በግድ ማስከፈል ጠብ ያመጣል፤ የወላጅ፣ መምህር ኅብረቱንም ግብር ሰብሳቢ ያስመስለዋል። እኛ የሚታየን መንገድ ችግረኞቹን በይፋ ነጻ ማድረግ፣ ከሌላው የገባውንና የወጣውን ደግሞ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ማንበብ ነው። ልጅ የሌለውም ሰው ሒሳቡን ከሚመረምሩት አንዱ ሆኖ ይመረጥ።