ሠሪው የተወው ላፕቶፕ በነጋዴ ዐይን ሲታይ

አንድ ዕቃ ዋጋ የሚያጣው ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ የሠራው ኩባንያ ሲተወውም ጭምር ነው። አፕል ይሠራቸው የነበሩት ፓወርቡክ ጂ4 እና አይቡክ ጂ4 የተባሉት ላፕቶፖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

ላፕቶፖቹ የሚሠሩበት ፓወርፒሲ የተባለው ፕሮሰሰር፥ አፕል፥ አይቢኤምና ሞቶሮላ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ባደረጉት ኅብረት የተገኘ ነው። አፕል በ2005 ወደ ኢንቴል እንደሚዛወር አስታወቀ፤ በ2006ም ዝውውሩን ፈጸመ። ለፓወርፒሲ የወጣው የኩባንያው የመጨረሻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የ2007ቱ ሌፐርድ ሲሆን፥ በ2009 የተከተለው ስኖው ሌፐርድ ለኢንቴል ብቻ ተዘጋጀ። ስለዚህ ገላው ደኅና፥ ስክሪኑ ጥሩ የሆነ ላፕቶፕ ሁሉ ጥበቃ የሌለው ሆኖ ቀረ።

ይሁን እንጂ ዕቃው ፈጽሞ አልሞተም፤ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበት ሊሠራ ይችላል። ከእነዚህም ኦፕንቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ዴቢያን ለዚህ ፕሮሰሰር ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በ2015 በወጣው 8ኛው እትም አብቅቷል። ሞርፍኦኤስ ደግሞ ለፓወርፒሲ ተብሎ የተሠራ፥ ፈጣንና ቀላል ነው። በነፃ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን 30 ደቂቃ ሲሞላው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ገደቡን የሚያነሣው ቁልፍ በክፍያ የሚገዛ ሲሆን፥ የሚያገለግለውም ለተመዘገበበት መሣሪያ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ከተበላሸ ቁልፉ ለሌላው አይሆንምና፥ ገዢ ይህን ወጪ ከሒሳቡ ማግባት ይገባዋል።

ሥራውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ሒሳብ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ፤ አዲሱ ሲስተም ሲጫን የቀድሞው ሊጠፋ ይችላልና። ከዚያም ሲዲውን አግብቶ፥ ላፕቶፑን ሲያበራ የ«ሲ»ን ቁልፍ ተጭኖ ይያዝ። የገመድ አልባው ኢንተርኔት በአንዳንዶቹ ሲስተሞች ተጨማሪ ፋይል ስለሚፈልግ፥ ለመጀመሪያው ጊዜ የኔትዎርክ ገመድ ማዘጋጀት ይበጃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ዕቃው ለምን ሥራ ይውላል የሚለው ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ፥ የመጋዘን ዝርዝር ለመያዝና ፕሮግራም ለመማር ይበቃል። ለከባድ የኢንተርኔት ገጾችና ለቪዲዮ ግን አይሆንም፤ የኋለኞቹ ፓወርቡኮች እንኳ የሚቀበሉት ራም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። አሮጌው ሲስተም ያለበት ላፕቶፕም ለባንክ ሥራ ሊታመን አይገባም።

እንግዲህ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ነጋዴ፥ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የፕሮሰሰሩን ዐይነት፥ የራሙን መጠን፥ የባትሪውንና የዲስኩን ሁኔታ ይመርምር። ለደንበኛውም ዕቃው የሚችለውንና የማይችለውን ገልጦ ይንገረው። በዝቅተኛ ዋጋ በሐቅ የተሸጠ አሮጌ ዕቃ ደንበኛን ይመልሳል፤ እንደ አዲስ ተወድሶ የተሸጠ ግን የአንድ ቀን ትርፍ አስገኝቶ የብዙ ዓመት ስም ያጠፋል።