ሌሊት ስለምትወጣው የመሬት ጌኮ

ጌኮ ከእንሽላሊት ወገን ናት። ዓይነቷ ብዙ ሲሆን፥ አብዛኞቹ ቀን ተሸሽገው እየዋሉ ሌሊት ነፍሳትን ያድናሉ። አንድ ተማሪ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ በፋኖስ ብርሃን ጌኮ ቢያጋጥመው፥ ከመሸሹ ወይም ከመግደሉ በፊት ዐይኗንና እግሯን ይመርምር እንላለን።

በግድግዳና በዐለት ላይ የምትሄደው፥ እንደ ሄሚዳክቲሉስ ያለችው ጌኮ፥ የሚከደን የዐይን ቆብ የላትም። ዐይኗን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ቅርፊት ስለ ሆነ፥ በምላሷ እየላሰች ታጸዳዋለች። ከጣቶቿም ሥር እጅግ ደቃቅ ጠጉሮች አሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር እንዳስረዳው፥ ጠጉሮቹ ግድግዳውን የሚይዙት በሙጫ ሳይሆን፥ በጣም የተቀራረቡ ነገሮች እርስ በርሳቸው በሚሳሳቡበት ኃይል ነው።

የመሬቷ ጌኮ ግን ከዚህች ትለያለች። ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን በአገራችን ደቡብና ምሥራቅ ቆላ የምትኖረው ሆሎዳክቲሉስ አፍሪካኑስ ናት፤ ይህንንም ስም በ1893 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ጀርመናዊው ሊቅ ኦስካር ቦትገር ነው። ርዝመቷ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሚከደንና የሚገለጥ የዐይን ቆብ አላት፤ በጣቶቿ ሥር ግን የሚጣበቅ ነገር ስለሌላት ኑሮዋ በመሬት ላይ ነው። ቀን በጉድጓድ ትውልና፥ ሲመሽ በዝግታ እየተራመደች ምስጥና ሌሎችን ነፍሳት ትለቅማለች።

ልዩነቱ በዕንቁላልም ይታያል። የግድግዳዋ ጌኮ ዕንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። የዐይን ቆብ ያላቸው ጌኮዎች ዕንቁላል ግን እንደ ቆዳ ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ለማደግ ከአፈሩ እርጥበት ይስባል፤ አፈሩ ከደረቀም አብሮ ይደርቃል።

ሌላው መታወቅ የሚገባው ነገር ሙቀት ነው። ጌኮ እንደ እኛ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ ስለማትጠብቅ፥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይና አፈር እንደ ምድጃ ያገለግላታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው የሰቆጣ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በተከዜ ሸለቆ ግን ሙቀቱ ይቆያል። ስለዚህ ጌኮ ፈላጊ ተማሪ ወደ ቆላው ቢወርድ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው ጌኮን መርዛም ናት ብሎ ይፈራታል፤ ባያትም ጊዜ ይገድላታል። ነገር ግን ከጌኮ ወገን መርዝ ያለው አንድም ዓይነት አይታወቅም። እንዲያውም ምስጥን የመሰለውን ተባይ ስለምትበላ ጥቅሟ ለእኛ ነው። ለምርምር የሚወጡ ጓደኞቻችንም የገለበጡትን ድንጋይ በነበረበት ቢመልሱት መልካም ነው፤ ተገልብጦ የቀረ እንደ ሆነ፥ በሥሩ ያለው አፈር በአንድ ቀን ፀሐይ ደርቆ ዕንቁላሉ ሊጠፋ ይችላልና።