ከመተማ እስከ ገዳሪፍ፦ የሌሊት ሾፌርን የሚረዱና የሚያውኩ ትንንሽ ነገሮች

ስለ መኪና ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የሞተሩ ጉልበት፣ የጎማው ጥንካሬና የሚጭነው የኩንታል ብዛት ነው። በመሪው ሥር ስለተተከለችው የመብራት ዘንግ ወይም በውስጥ መስታወቱ ግርጌ ስላለችው ምላስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሾፌሩም ሆነ የእግረኛው ሕይወት ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው ከቁም ነገር በማይቆጠሩት በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን፣ ከመተማ ተነሥቶ በጋላባትና በዶካ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰውን፣ ከዚያም በሸዋክ አድርጎ ወደ ከሰላ የሚዘልቀውን መንገድ በምሳሌነት ይዘን ጉዳዩን ለመመልከት እንወዳለን።

እንደሚታወቀው በዚህ ቆላ የምሽቱ ወጋገን ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፤ ብርሃን ነው ሲሉት ይጨልማል። በሰሊጥና በማሽላ አዝመራ ወራት ደግሞ የኋላ መብራት የሌለው ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር፣ የአህያ ጋሪ፣ ግመልና የቀን ሠራተኛ በአንድነት መንገዱን ይጋሩታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ወገኖቻችን በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህም እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ወደዚሁ ክፍለ ሀገር ጎርፏል። በጨለማ በመንገዱ ዳር የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ከዚያም መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ወደ 40 ሜትር ቢጨምር፣ በጠቅላላው ከ60 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። አጭሩ የፊት መብራት በደንብ የሚያሳየው ግን ከ50 እስከ 60 ሜትር ገደማ ነው። የዓይን ወሰን ከፍሬን ወሰን ካነሰ፣ ሾፌሩ የሚነዳው በዕድል እንጂ በማየት አይደለም።

ከሚረዱት ነገሮች አንደኛው ረዥሙን መብራት ዝቅ የምታደርገው ዘንግ ናት። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ይህ ሥራ የሚከናወነው ወለሉ ላይ ባለች፣ በግራ እግር በምትረገጥ ቁልፍ ነበር። በኋላ ወደ መሪው ሥር መጥታ ለጣት ቀረበች። በረዥም መብራት የተመታ ዓይን ለጥቂት ሴኮንዶች ይታወራል፤ ከጨለማው ጋር እንደገና ሙሉ በሙሉ እስኪለማመድ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ መብራትን ዝቅ ማድረግ ለሌላው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የታወረ ሾፌር ወደ እኛው ነውና የሚመጣው።

በዚህ ረገድ አንድ የታሪክ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም.፣ ሱዳን ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት 9 ዓመታት ድንበሩን የሚሻገር ሾፌር ጎኑን መለወጥ ነበረበት። የአጭር መብራት ጨረር የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ወደ አንድ ወገን ከፍ ብሎ ስለሚሠራ፣ ለግራ መንገድ የተሠራ ፋና በቀኝ መንገድ ላይ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዛሬም ቢሆን ይህን ሊመረምር ይገባዋል።

ሁለተኛዋ የውስጥ መስታወቱ ምላስ ናት፤ አንድ ጊዜ ስትገፋ ከኋላ የሚመጣው መብራት ይደበዝዛል። ሦስተኛዋ በብዙ መኪናዎች ከመሪው አጠገብ የምትገኘው፣ ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ተሽከርካሪ ቁልፍ ናት። ከኋላ የሰሊጥ ጆንያ የተጫነበት ፒክ አፕ አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ አጭሩ መብራት እንደ ረዥም ይሆናል፤ ቁልፏ ጨረሩን ወደ ምድር ትመልሳለች። ሞተር ሲጠፋ «መብራት ረስተሃል» ብላ የምትጮኸው ደወልም ብታሰለች አትናቅ፤ በዶካ ሜዳ በሌሊት ባትሪ መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደሚያውኩት ስንመለስ፣ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለው ተረት ይታወሰናል። በራሱ የሚበራ መብራት የሚለካው ብርሃንን እንጂ አቧራን አይደለም፤ ሐቡብ በቀን ሲነሣ አየሩ ነጣ ብሎ ስለሚታይ መብራቱ ሳይበራ ሊቀር ይችላል። በቀን የሚበሩት ትንንሽ የፊት መብራቶችም ሾፌሩን ያታልላሉ፤ በብዙ መኪናዎች ፊቱ ሲበራ ጀርባው ጨለማ ነው። በራሱ ከፍና ዝቅ የሚለው ረዥም መብራት የሚመጣውን መኪና ፋና ሊለይ ቢችልም፣ መብራት የሌለው ትራክተርና እግረኛ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። ለሃሎጅን በተሠራ ፋና ውስጥ የሚገባው ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖልም ለባለቤቱ የደመቀ ቢመስለውም፣ ጨረሩን በትኖ የሌላውን ዓይን ያጠፋል።

በኬላ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ወደ ኬላ የሚቀርብ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ የውስጡን መብራት በማብራት ፊቱንና እጁን ለጠባቂው ማሳየት ይገባዋል። የውስጡ መብራት የሚበራበትን ቁልፍ በዚያች ሰዓት በዳበሳ የሚፈልግ ሰው ራሱንም ጠባቂውንም ያስደነግጣል።

በመጨረሻም፣ ከፋብሪካ ስላልወጣው የመንገድ ልማድ አንድ ቃል እንናገር። መኪና ሲበላሽ ድንጋይና ቅጠል መደርደር የቆየ መላ ነው፤ ቅጠሉ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ተጠግኖ ሲነሣ ሾፌሩም ረዳቱም ድንጋዩን ትተውት ይሄዳሉ። ያ ድንጋይ በማግሥቱ ሌሊት የሌላ ቤተሰብ ኀዘን ይሆናል። ብርሃን አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ምልክት ዋጋው ጥቂት፣ መታጠፉም ቀላል ነው፤ ተነሥቶም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስት ደቂቃ ወስዶ ፋናውን መወልወል፣ የኋላ መብራቱን በረዳት ማስፈተሽ፣ እያንዳንዷንም ቁልፍ እጅ በጨለማ እስኪያገኛት መለማመድ የማንኛውም ሾፌር ግዴታ ነው እንላለን። መንገዱ የጋራ ነው፤ ብርሃኑም ለጋራ ጥቅም መዋል አለበት።